ከማኖቬላ እስከ ትንሹ ሞተሪኖ

የእንፋሎት ሞተር እሳቱ ከነደደና ውሃው ከፈላ በኋላ መዝጊያው ሲከፈትለት በገዛ ኃይሉ ይንቀሳቀሳል። የኤሌክትሪክ ሞተርም ገመዱ ከምንጩ ጋር እንደተገናኘ ወዲያውኑ ይዞራል። በቤንዚን የሚሠራው ሞተር ግን ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በሌላ ጉልበት ካላዞሩት በስተቀር ከቆመበት ለመነሣት አለመቻሉ ነው። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ካልሳበ፣ ተመልሶም ወጥቶ የሳበውን ካላመቀ፣ ካንዴላው የሚያቃጥለው ነገር አያገኝም። በዚህም ምክንያት መኪና ከተፈለሰፈበት ጊዜ ጀምሮ መሐንዲሶችን ሲያደክሙ ከኖሩት ጥያቄዎች አንዱ «ሞተሩን ማን ያስነሣዋል?» የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ በአገራችን ጋራዦች ቋንቋ ውስጥ ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል። ሞተርን በእጅ የሚያዞረው ብረት ማኖቬላ፣ በኤሌክትሪክ የሚያዞረው ሞተሪኖ፣ የሚዞረው ከባድ መንኰራኵር ቮላኖ፣ በቮላኖው ዙሪያ ያለው ጥርሳም ቀለበት ኮሮና መባላቸው ሁሉም የጣልያንኛ ውርስ ነው። «ሞተሪኖ» ማለት በጣልያንኛ ትንሽ ሞተር ማለት ስለሆነ፣ በቅርብ ዘመን ለአሮጌ መኪናዎች የሚገጠመውን አነስተኛ ዓይነት «ትንሹ ሞተሪኖ» ብሎ መጥራት «ትንሹ ትንሽ ሞተር» እንደማለት ይሆናል። ይሁን እንጂ ቃሉ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ትርጉሙን ትቶ የዕቃው ስም ከሆነ ዘመን ስላለፈው፣ አጠራሩ የሚያስነቅፍ አይደለም።

መጀመሪያ የነበረው የሰው ክንድ ነው። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ፓተንቱን ባወጣበት ባለሦስት እግር መኪና ላይ ማኖቬላ እንኳ አልነበረም፤ ነጂው ከኋላ የተጋደመውን ትልቅ ቮላኖ በእጁ ይዞ ያሽከረክረው ነበር። ሞተሮች እየገዘፉ ሲሄዱ ግን በመኪናው ፊት የሚሰካ ጠማማ ብረት የግድ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1907/8) እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ ይዞት አዲስ አበባ የገባው የሲድሌይ መኪናም የዚያው ዘመን ልጅ ነበረ። ያኔ አንድ መኪና የሚነዳ ሰው መሪ ከመያዙ በፊት ማኖቬላ መያዝን መማር ነበረበት።

አያያዙም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ነጂው በመጀመሪያ የእሳቱን ጊዜ በመሪው አጠገብ ባለችው ዘንግ ወደ ኋላ ያዘገያል፤ ማርሹ ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ከመኪናው ፊት ቆሞ ማኖቬላውን ከታች ወደ ላይ ይስባል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይጫንም። አውራ ጣቱንም እንደ መዶሻ እጀታ ብረቱን አዙሮ አይጨብጥበትም፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያሳርፈዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አለ ምክንያት አልመጣም። እሳቱ ቀድሞ ከነደደ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ይመታና ሞተሩ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ማኖቬላውም ከነጂው ክንድ በላይ በሆነ ኃይል ይመለሳል። በዚህ ዓይነት አደጋ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነበር። የአጥንት ሐኪሞች ይህን ስብራት እስከ ዛሬ ድረስ «የሾፌር ስብራት» እያሉ ይጠሩታል። ማኖቬላ ያልጨበጡ ሰዎች ዛሬ ሲወድቁ የሚያገኛቸው አንድ ስብራት ስሙን የተቀበለው ከመኪና ነጂዎች እጅ ነው።

ከዚህ መከራ ለመውጣት የተሞከረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ የታመቀ አየር በሲሊንደሮቹ ውስጥ እያስገባ፣ ሌላው ለመብራት የሚያገለግለውን የአሲቲሊን ጋዝ እያቃጠለ፣ ሌላውም እንደ ሰዓት ጥቅል ሞላ እያጠበቀ ሞተሩን ለማስነሣት ጥሯል። በኤሌክትሪክ ረገድ ቀደም ብሎ የሚጠቀሰው ኤች. ጄ. ዳውሲንግ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ገደማ አርኖልድ በተባለ መኪና ላይ ከቮላኖው ጋር የሚገናኝ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሟል። ይህ ሞተር በዳገት ላይም እንዲያግዝ የታሰበ ነበረና፣ በዘመናችን አዲስ ነገር ሆኖ የቀረበው የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ጥምር መኪና አሳብ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያሳያል። በአሜሪካም ክላይድ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1903 ለኤሌክትሪክ ማስነሻ ፓተንት ተቀብሏል። ነገር ግን የጊዜው ባትሪ ደካማ፣ የጊዜው ሞተር ደግሞ ከባድ ስለነበር ሁለቱም ሥራዎች ከሙከራ አልፈው ወደ ገበያ አልዘለቁም።

ታሪኩን የለወጠው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ይህ የኦሃዮ ተወላጅ በዴይተን ከተማ በናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ በሱቅ ውስጥ ገንዘብ የሚቈጥረውን መኪና እጀታ በሰው እጅ ከማዞር ይልቅ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲዞር አድርጎ ነበር። ከዚያም ከባልደረባው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1909 በአጭር ስሙ ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የካዲላክ ፋብሪካ ኃላፊ ሔንሪ ሊላንድ መኪናው አለማኖቬላ የሚነሣበትን ዘዴ ሲሻ ወደ እርሱ ዘንድ መጣ።

ሊላንድ ለምን ይህን ፈለገ ለሚለው ጥያቄ በብዙ መጻሕፍት የሚተረክ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ባይረን ካርተር የተባለው መኪና ሠሪና የሊላንድ ወዳጅ፣ በዲትሮይት ቤል አይል ድልድይ ላይ መኪናዋ የቆመባትን ሴት ሊረዳ ወርዶ ማኖቬላውን ሲያዞር፣ ብረቱ ተፈናጥሮ መንጋጋውን ሰበረው፤ በዚያም ጠንቅ ሞተ፤ ሊላንድም በኀዘን ተነሣሥቶ «ከእንግዲህ ካዲላክ ሰው አይገድልም» አለ ይባላል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ከዘመን ቈጠራ ጋር ግን አይስማማም። ተራኪዎቹ አደጋውን የሚያኖሩት እ.ኤ.አ. በ1910 ክረምት ሲሆን፣ ካርተር የሞተው ግን በ1908 ነው። ምናልባት ሁለት ልዩ ልዩ አደጋዎች በአንድ ሰው ስም ተዳብለው ይሆናል። በማኖቬላ የተጐዳ ሰው በየከተማው ስለነበር ለፋብሪካው ባለቤት አንድ ወዳጅ እስኪሞትበት መጠበቅ ባላስፈለገው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ሺህ ስም የለሽ የተሰበሩ ክንዶችን ትተው ስም ያለውን አንድ ሟች መምረጣቸው ግን የተለመደ ነው።

ኬተሪንግ ያስተዋለው ቁም ነገር አንድ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት መሐንዲሶች ሞተሩን ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲያሰሉ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የማይቃጠል ሞተር ያሰሉ ነበር፤ እንዲህ ያለው ደግሞ መኪናው ሊሸከመው የማይገባ ግዙፍ ይሆናል። ኬተሪንግ ግን ከገንዘብ መቈጠሪያው እንደተማረው፣ ሥራው የጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ከሆነ ትንሽ ሞተር ከዐቅሙ በላይ ቢጫንም ሳይግል ሥራውን ጨርሶ ያርፋል ብሎ ተነሣ። በሞተሪኖ ላይ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው። ቁልፍ አዙሮ ግማሽ ደቂቃ የሚይዝ ነጂ ሞተሪኖውን የሚያቃጥለው ዕቃው ስለማይረባ አይደለም፤ ዕቃው ሲፈጠር ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ትግል የተሰላ በመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 መጀመሪያ ላይ የተሠራው መሣሪያ ለሊላንድ ታየ፤ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይም ተገጥሞ ወጣ። ይህ የመጀመሪያው መሣሪያ ሞተሪኖና ዲናሞ በአንድ አካል የተዋሐዱበት ሲሆን፣ ሲያስነሣ ባትሪዎቹ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጡታል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ በ6 ቮልት እየሞላ መብራቱን ያበራ ነበር። ካዲላክ በዚህ ሥራ የእንግሊዝ ንጉሣዊ አውቶሞቢል ክበብ የሚሰጠውን የዲዋር ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀበለ። ኬተሪንግም ፓተንቱን በ1915 አገኘ። ፎርድ ግን ለታዋቂው ሞዴል ቲ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ማቅረብ የጀመረው በ1919 ነው፤ ስለዚህ የብዙኃኑ ክንድ ዕረፍት ያገኘው ከባለጸጎቹ ክንድ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ «ሞተሪኖ ሴቶችን መኪና ነጂ አደረገ» የሚለው አባባል በየጽሑፉ ይገኛል። በከፊል እውነት ነው፤ የፋብሪካዎቹም ማስታወቂያ ይህንኑ ይል ነበር። ዳሩ ግን ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ስትነዳ፣ አሊስ ራምዚም በ1909 በማክስዌል መኪና ከኒውዮርክ ተነሥታ በ59 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ስትገባ ሞተሪኖ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በሞተሪኖ ክፉኛ የተጐዳው ሌላ ወገን ነው፤ በዚያ ዘመን በከተማ ውስጥ ተወዳጅ የነበረው የባትሪ መኪና። ማኖቬላ የማይፈልግ መሆኑ ዋነኛ ብልጫው ነበርና፣ ይህ ብልጫ ሲወሰድበት ከገበያው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ወጣ።

ሞተሪኖው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትና የሚለያይበት መንገድ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ጥርሱ ከኮሮናው ጋር እንደተያያዘ ሞተሩ ቢነሣ፣ ሞተሩ በተራው ሞተሪኖውን በማይችለው ፍጥነት ያሽከረክረዋል። ቪንሰንት ቤንዲክስ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ በሼቭሮሌት ላይ የታየው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው። ጥርሱ በዘንጉ ላይ በተቈረጠ ጥምዝ ጥርብ ላይ ይቀመጣል፤ ዘንጉ በድንገት ሲዞር ጥርሱ በክብደቱ ምክንያት ወደ ኋላ ስለሚቀር በጥምዙ ላይ ተንሸራትቶ ኮሮናውን ይነክሳል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲቀድመው ደግሞ በዚያው ጥምዝ ተገፍቶ ይመለሳል። አሠራሩ ርካሽ ስለነበር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ የሰውየው ስም በእኛም ጋራዦች የዕቃ ስም ሆኖ ቀረ። ጉዳቱ ጥርሱ ኮሮናውን የሚያገኘው እየዞረ በመምታት መሆኑ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ዘወትር በሁለት ቦታ ብቻ ስለሚቆም፣ ያረጀ ኮሮና በእነዚያው ሁለት ቦታዎች ተበልቶ ይገኛል፤ በባለስድስቱ ላይ ሦስት ቦታ ይበላል። በኋላ የመጣው ዓይነት በሶሌኖይድ ኃይል መጀመሪያ ጥርሱን ገፍቶ ካጋጠመ በኋላ ነው መዞር የሚጀምረው፤ ጥርሱም ባለአንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮን ስላለው ሞተሩ ሲቀድመው በነጻ ይሽከረከራል።

እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ግን ሁለቱም ዓይነቶች የጋራ ባሕርይ ነበራቸው፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር አንድ ጊዜ ሲዞር ጥርሱም አንድ ጊዜ ይዞራል። በመካከል ማርሽ ስለሌለ ጉልበቱ ሁሉ ከመዳብና ከብረት ብዛት መምጣት ነበረበት። በእንግሊዝ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የሉካስ ሞተሪኖ ረጅምና ከባድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የለወጠው ክራይስለር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ሞተሪኖ ውስጥ በኤሌክትሪኩ ሞተርና በጥርሱ መካከል ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ ገባ። የአሳቡ መሠረት በማንኛውም የመካኒክ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው። ኃይል የሽክርክር ጉልበትና የፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ ትንሽ ሞተር በከፍተኛ ፍጥነት ቢዞርና ፍጥነቱ በማርሽ ወደ ጉልበት ቢለወጥ፣ በዝግታ የሚዞረውን ትልቅ ሞተር ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከባትሪው የሚስበው ኤሌክትሪክም ያነሰ ይሆናል። የክራይስለር ሞተሪኖ ሲዞር የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት ከሌላው መኪና ሁሉ የሚለይ ስለነበር፣ አሜሪካውያን መካኒኮች መኪናውን ሳያዩ በድምፁ ያውቁት ነበር። ከዚህ በኋላ የጃፓኑ ኒፖን ዴንሶ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ እጅግ የታመቀና ጠንካራ ዓይነት አበጀ፤ ሌሎችም በሽቦ ጥቅል ፈንታ ቋሚ ማግኔት እያስገቡ ክብደቱን ይበልጥ ቀነሱት። ዛሬ «ትንሹ ሞተሪኖ» ተብሎ ለአሮጌ መኪና የሚሸጠው በአብዛኛው ለዘመናዊ መኪና የተሠራ እንዲህ ያለ ሞተሪኖ ሲሆን፣ ከአሮጌው ቀፎ ጋር እንዲገጥም ከአሉሚኒየም የተጠረበ መገናኛ ታክሎለት ነው። ክብደቱ ከነባሩ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

እንግዲህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ይህን ዕቃ ሊገዛ የሚገባው መቼ ነው? ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ሰነፍ ሆኖ የሚዞር ሞተሪኖ ሁሉ የታመመ ሞተሪኖ አለመሆኑ ነው። ብዙ ገንዘብ አለጥቅም የጠፋው በዚህ ስሕተት ነው። የባትሪው ጫፍ ሻግቶ፣ ገመዱ በውስጡ ዝጎ፣ ወይም ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ላልቶ ከሆነ፣ አዲሱም ሞተሪኖ እንደ አሮጌው ያቃስታል። ምርመራው ቀላል ነው። ረዳቱ ሞተሩን ሲያዞር መካኒኩ ቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ዋና ብሎን ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሪኖው ቀፎ መካከል ይደግመዋል። በአንዱ ወገን ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ በሽታው ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ይህን ሳይለካ ሞተሪኖ የሚያስገዛ መካኒክ የደንበኛውን ገንዘብ በግምት ላይ ይጥላል።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ከማንኛውም አሮጌ መኪና ይልቅ ቅርብ የሆነው ቮልስ ስለሆነ፣ ምሳሌውን በእርሱ ላይ ማድረጉ የተሻለ ነው። ቮልስ መጀመሪያ የሚሠራው በ6 ቮልት ነበር፤ ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ጀምሮ በየገበያው በተለያየ ጊዜ ነው። በ6 ቮልት ተመሳሳይ ኃይል ለማግኘት እጥፍ ኤሌክትሪክ መፍሰስ ስላለበት፣ በገመዱ ውስጥ የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ አሮጌው ቮልስ በብርድ ጧት የሚያንቀላፋው ስለዚህ ነው። የባለ6 ቮልቱ ኮሮና 109 ጥርስ፣ የባለ12ቱ ደግሞ 130 ጥርስ አለው። ስለዚህ ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት ጥርስ መቈጠር አለበት፤ የመኪናው ሊብሬ የሚያመለክተው መኪናው የተሠራበትን ዘመን እንጂ በስንት ባለቤቶች እጅ ሲያልፍ የተለዋወጠውን ካምቢዮና ቮላኖ አይደለም።

ሌላው የቮልስ ልዩ ጠባይ፣ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ በራሱ ቀፎ ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቀፎ ውስጥ በተሰካች ትንሽ ቦኮላ ላይ ማረፉ ነው። ይህች ዋጋዋ ከቁጥር የማይገባ ቦኮላ ስትበላ ዘንጉ ያዘነብላል፤ ተሽከርካሪው ጥቅል የቀፎውን ብረት ይፈትጋል፤ ሞተሪኖውም የሞተ ይመስላል። ባለቤቱ አዲስ ይገዛል፤ ቦኮላዋ ግን በቦታዋ ስላለች አዲሱም በጥቂት ወራት ያንኑ በሽታ ይይዛል። ባለማርሹ ትንሽ ሞተሪኖ ለቮልስ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ዋናው እንግዲህ ጉልበቱ አይደለም። ዘንጉ በገዛ አፍንጫው ውስጥ በኩሽኔታ የተደገፈ በመሆኑ ከቦኮላዋ ነጻ ያወጣል። ባለቤቱ ግን ነባሩን ሞተሪኖ ለማቆየት ከመረጠ፣ ከሞተሪኖው ጋር ቦኮላዋን አብሮ መለወጥ እንዳለበት መካኒኩ ሊነግረው ይገባል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ደግሞ ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚለው ቮልስ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ሆኖ ሳለ፣ ሶሌኖይዱን የሚያዝዘው ሽቦ እስከ ክሩስኮቶው ሄዶ በቁልፉ አልፎ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦው ሲያረጅና የቁልፉ መገናኛ ሲጠቁር፣ በተለይ ሞተሩ ከጋለ በኋላ፣ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ሶሌኖይዱን ለመሳብ አይበቃም። መድኃኒቱ ሞተሪኖ መለወጥ ሳይሆን በሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ ማግባት ነው፤ አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፤ ሪሌው ደግሞ ከባትሪው ገመድ በአጭሩ ወስዶ ለሶሌኖይዱ ይሰጣል።

የእንግሊዝ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በሌላ በኩል መጠንቀቅ አለበት። ኤም.ጂ.ቢ. እስከ 1967 ድረስ ሲሠራ ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረ፣ ሞተሪኖውም የቤንዲክስ ዓይነት ነበር፤ በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ ዓይነት ላይ ሁለቱም ተለወጡ። በሽቦ ጥቅል የሚሠራ ሞተሪኖ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ቢለዋወጥ የቀፎውም የተሽከርካሪውም መግነጢስ አብረው ስለሚገለበጡ፣ የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም። ቋሚ ማግኔት ያለው ግን የማይገለበጥ መግነጢስ ስላለው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ባለአንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮኑም ስለማይዘው ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ፖዘቲቭ ማሳ ላለው መኪና ሲገዛ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ በውስጡ ያለው ማግኔት ነው ወይስ የሽቦ ጥቅል የሚለው ነው። የቤንዲክስና የሶሌኖይድ ዓይነቶች ኮሮናውን የሚገቡበት ወገንም እንደየመኪናው ሊለያይ ስለሚችል፣ የኮሮናው ጥርስ የተሞረደው በየትኛው ፊት እንደሆነ ሳይታይ አይገዛም።

አገጣጠሙ ራሱ ብዙ ሰዓት አይፈጅም። የባትሪው የማሳ ገመድ ሳይፈታ ቁልፍ ወደ ሞተሪኖው ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም፤ በዚያ ገመድ ውስጥ ፊውዝ የሚባል ነገር የለምና። በቮልስ ላይ የላይኛው ብሎን ከሞተሩ ወገን ስለሚገባ ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል። የሚገናኙት ሁለቱ ፊቶች ከቀለምና ከዘይት መጥራት አለባቸው፤ የሞተሪኖው ማሳ እነዚህ ፊቶች ናቸውና። ከታሰረ በኋላ በማረፊያው ላይ ባለው ጥርስና በኮሮናው መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር ይገባዋል፤ ከዚህ ካነሰ ጥርሱ ሞተሩ እየሠራ ይነካካል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ ጥርሱ ጠልቆ አይገባም።

በሽቦው ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አሮጌው የቤንዲክስ ሞተሪኖ ሶሌኖይዱ ለብቻው በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ስላለ፣ ወደ ሞተሪኖው የሚደርሰው አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ ነው። ትንሹ ሞተሪኖ ግን የራሱ ሶሌኖይድ አለው። አንዳንዱ ገጣሚ አሮጌውን ገመድ እንዳለ አስሮ፣ ከዋናው ብሎን እስከ ሶሌኖይዱ ማዘዣ አጭር ሽቦ ያያይዛል። መኪናው ይነሣል፤ ነገር ግን ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ እየዞረ ያለው ሞተሪኖ በተራው እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ሶሌኖይዱን ይዞት ስለሚቆይ፣ ጥርሱ ከኮሮናው ለመውጣት ይዘገያል። የሚሻለው ወፍራሙ ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሞተሪኖው እንዲደርስ አድርጎ፣ አሮጌው ሶሌኖይድ የአዲሱን ማዘዣ ብቻ እንዲያገናኝ ማድረግ ነው።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ግን በዚህ ጉዳይ አንድ ልብ አይደሉም። አንዱ ወገን መኪና የሚከበረው ሲነዳ ነው፤ በመንገድ መካከል የሚያቆም ዕቃ ቅርስ ሊባል አይገባም ይላል። ሌላው ደግሞ ዛሬ ሞተሪኖው፣ ነገ ዲናሞው፣ ከነገ ወዲያ ካርቡራተሩ እየተለወጠ ከሄደ፣ የቀረው የፋብሪካው ምልክት ብቻ ይሆናል ሲል ይመልሳል። ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር ለውጥን ጨርሶ አይከለክልም፤ አስፈላጊ ሆኖ የሚደረግ ለውጥ ግን መኪናውን ሳይጎዳ ወደ ነበረበት የሚመለስ እንዲሆን፣ የወጣውም ዕቃ እንዲጠበቅ ይመክራል። በዚህ መለኪያ ሲታይ ሞተሪኖ ከሌሎቹ ለውጦች ሁሉ የተሻለ ቦታ አለው፤ በሁለት ብሎን ገብቶ በሁለት ብሎን ይወጣልና። ኮሮናውን ወይም የካምቢዮውን ቀፎ መሞረድ የሚጠይቅ ሞተሪኖ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ከዚህ መለኪያ ውጭ ነው።

የቀድሞው ማኖቬላም ቢሆን ሞተሪኖ ሲመጣ ወዲያው አልጠፋም። በአዲስ አበባ በታክሲነት ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ላዳ ለማኖቬላ የሚሆን ቀዳዳ ነበረው፤ የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ሁለት ሼቮም እ.ኤ.አ. በ1990 መሠራቱ እስኪያበቃ ድረስ የጎማ መፍቻው ማኖቬላ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከነባሩ ሞተሪኖ ጋር የኖሩ ባለቤቶች በትንሹ ላይ የሚያቀርቡት የመጨረሻ ቅሬታም ከጥርስና ከቮልት ጋር የተያያዘ አይደለም። አሮጌው ቮልስ ሲነሣ «ኡር ኡር ኡር» እያለ በዝግታ አቃስቶ ነበር፤ አዲሱ ሞተሪኖ ሲገባለት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቀጭን ድምፅ አሰምቶ በአንድ አፍታ ይነሣል። ሠፈሩ መኪናውን የሚያውቀው በቀድሞው ድምፅ ነበር።